ቁልቁል የምታየው ሴት

ባለፈው ወር ጡረታ ወጣሁ። መሥሪያ ቤቱ ኬክ ቆረጠልኝ፤ አለቃዬ ኡዲ አጭር ንግግር አደረገ፤ ወጣቶቹ ደግሞ በሥራ ዘመኔ የሠራኋቸውን ሰዎች ሰብስበው በትልቁ ስክሪን ላይ አንድ በአንድ አሳለፉልኝ። ወታደር፣ ሌባ፣ ንግሥት፣ ዓሣ አጥማጅ፣ ስማቸው የጠፋኝ የገበያ ሰዎች። እነሱ በፊቴ ሲያልፉ ሰው ሁሉ ያጨበጭባል። እኔ ግን የምጠብቀው አንዲት ሴትን ነበር። መጣች፣ ቀና ብላ ዓይን ዓይኔን አየችኝና አለፈች። ኬኬን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት።

የማወጋችሁ ስለ እሷ ነው። ግን አስቀድሜ ሥራዬ ምን እንደነበር መናገር አለብኝ፤ ዘመዶቼ እንኳ እስከ ዛሬ በደንብ አልገባቸውም። ሠርግ ላይ ስንገናኝ "ምን ትሠሪያለሽ?" ይሉኛል።

"ለኮምፒውተር ጨዋታ ሰው እሠራለሁ።"

"ካርቱን ነው?"

"ካርቱን አይደለም። ልጆቻችሁ ቀኑን ሙሉ ተደፍተው የሚጫወቱት ጨዋታ የለም? እዚያ ውስጥ የሚሮጠው ሰውዬ ፊት አለው፣ እጅ አለው፣ ልብስ አለው። ያንን የሚሠራ ሰው ያስፈልጋል። አንዷ እኔ ነኝ።"

"ወይ ጉድ! ለዚህ ደሞዝ ይከፍሉሻል?"

ይከፍሉኛል። ኢየሩሳሌም ኔቬ ያዕቆብ ሰፈር ያለውን ቤታችንን የገዛነው በሱ ነው። ይህን ስነግራቸው ፊታቸው ይፈታል፤ ሥራው ባይገባቸውም ቤቱ ይገባቸዋል።

እውነቱን ለመናገር ሥራውን የጀመርኩት ኮምፒውተር የሚባል ነገር ሳላይ ነው። እኛ ቤተ እስራኤል ነን፤ ጎንደር ገጠር ሳለን እናቴ ከሸክላ ትንንሽ ምስሎች ትሠራ ነበር፤ እንስራ ያዘለች ሴት፣ ወፍ፣ የሚጸልይ ቄስ። መንገድ ዳር አስቀምጣ ለአላፊ አግዳሚው ትሸጣቸዋለች። እሷ በርጩማ ላይ ትቀመጣለች፣ እኔ ከጉልበቷ ሥር መሬት ላይ ሆኜ ጭቃውን አሽላታለሁ። በእኛ ዘንድ ልጅ ትልቅ ሰው ፊት ተገትሮ አያወራም። ዝቅ ብሎ ይቀመጣል፣ የሚነገረውን ይሰማል። ልጅነቴን ሳስብ መጀመሪያ የሚመጣልኝ ያ ቦታ ነው፤ እርጥብ ጭቃ በእጄ፣ የእናቴ ፊት ከበላዬ።

እስራኤል ስንገባ ትልቅ ልጅ ነበርኩ። መርካዝ ክሊታ በሚሉት የስደተኞች መቀበያ ከርመን ኢየሩሳሌም ገባን። በሰፈራችን ማትናስ፣ ማለትም የሕዝብ ማዕከሉ ውስጥ፣ ለሴቶች የሸክላ ክፍል ተከፈተና እናቴን ይዣት ሄድኩ። ምድጃውን የምትጠብቀው ከሩሲያ የመጣች ቀራጺ ነበረች። ጋሊና ትባላለች። ጠጉሯ አጭር፣ ሲጋራዋ ረጅም፣ ዕብራይስጧ ከእኔ የባሰ። እናቴ የሠራችውን ወፍ አንስታ አገላብጣ ካየች በኋላ የኔን አነሳች፣ አስቀመጠች፣ መልሳ አነሳች። "ይቺኛዋ ትተነፍሳለች" አለች። ምን ማለቷ እንደሆነ አልገባኝም ነበር። በኋላ እንደተረዳሁት ከእሷ አፍ ከዚህ የበለጠ ምስጋና አይወጣም።

ጋሊና ራስ የሚቀርጽ ሰው ለሚፈልግ አንድ የጨዋታ መሥሪያ ቤት ስትቀጠር ጎትታ ወሰደችኝ። ኮምፒውተሩን አብረን ነው የተማርነው፤ ሁለታችንም እኩል ደንቆሮዎች ነበርን። በባዶ ስሟ መጥራት አፌን እምቢ ስላለኝ "እትዬ ጋሊና" አልኳት። ምን ማለት ነው ብላ ጠየቀችኝ። ለታላቅ እህት የሚባል ነው አልኳት። ከዚያ ወዲህ "እትዬ" ካልተጨመረበት ብትጠሯት አትሰማም። ኡዲ ሳይቀር "እትዬ ጋሊና" ይላት ነበር።

መሥሪያ ቤቱ ከኢትዮጵያ ጎዳና ገባ ብሎ ባለ አንድ አሮጌ የድንጋይ ቤት ውስጥ ነበር። ወለሉ በበጋም ይቀዘቅዛል፤ መስኮቱን ስንከፍት እዚያው ያለው የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ደወል ይሰማል። እሷ ከጊሎ በአውቶቡስ፣ እኔ ከኔቬ ያዕቆብ በአውቶቡስ እየመጣን መንገዱ አፍ ላይ እንገናኛለን። በምሳ ሰዓት ከቤተ ክርስቲያኑ በር ፊት ለፊት ካለው የድንጋይ አጥር ላይ ታስቀምጠኛለች። መነኮሳቱ ነጠላቸውን ተከናንበው ይገባሉ፣ ይወጣሉ። "ፊታቸውን አትዪ" ትለኛለች። "አሁን የመጣችውን ከጀርባዋ እያት። ዕድሜዋ ስንት ነው? የትኛው ጉልበቷን ነው የሚያማት?" እኔ እገምታለሁ፤ እሷ ሳንድዊቿን እያላመጠች "አይደለም" ትላለች። በአብዛኛው መልሷ "አይደለም" ነበር።

ሌላም ልማድ ነበራት። ራስ መሥራት የምትጀምረው ከጆሮ ነው። "ፊትን ሁሉም ሰው ያሳምራል። ጆሮ ላይ የሰነፈ ሌላውም ላይ ሰንፏል" ትላለች። ጠረጴዛዋ ላይ ትንሽ መስታወት አለች፤ የሠራነውን በመስታወት እያየን ስህተቱን እንፈልጋለን፣ ዓይን የለመደውን ነገር ስለማያይ። አንድ ሰው ሠርተሽ ስትጨርሺ ደግሞ ኮሪደሩ ላይ እንደ እሱ ሆነሽ መራመድ አለብሽ። እኔ ንግሥት ሆኜም፣ አንካሳ ወንበዴ ሆኜም ያን ኮሪደር ተመላልሼበታለሁ። ከሁሉ በላይ ግን ማንንም ሰው በሸክላ ሳንሠራ ወደ ኮምፒውተር አታስገባንም። ኡዲ ጊዜ ይፈጃል እያለ ይነጫነጫል፤ እሷ መስማት እንደተሳናት ትሆናለች።

መጀመሪያ አካባቢ ኮምፒውተሩ አቅም ስላልነበረው አምስት ጣት ቅንጦት ነበር። አራቱን ጣት አጣብቀን አውራ ጣቱን ብቻ እንለያለን። የዚያን ዘመን ሰዎቼ ሁሉ ለብርድ ጓንት ያጠለቁ ይመስላሉ። እየቆየ ማሽኑ ሲጎለብት ሥራውም ረቀቀ። የተቀረጸው ፊት ላይ እንደ መረብ ያለ ነገር ይዘረጋል፤ ፊቱ የሚንቀሳቀሰው በሱ ነው። መረቡ በዓይንና በአፍ ዙሪያ እየከበበ መሄድ አለበት። ከተጣመመ ሰውዬው ፈገግ ሲል ጉንጩ ይጨማደዳል። ከዚያ ቆዳ ይቀባል። የእኛን ቆዳ መቀባት ደግሞ ራሱን የቻለ ፈተና ነበር፤ ኮምፒውተሩ ውስጥ ያለው መብራት አመድ ያስመስለዋል። ቡናማ ቀለም ብቻ ከቀባሽው የታመመ ሰው ነው። ከሥሩ ቀይ ይፈልጋል፤ ጆሮ ጫፍ ላይ፣ አፍንጫ ዙሪያ፣ የጣት አንጓ ላይ። ይህን እስካገኘው ድረስ የገዛ እጄን መስኮት ላይ ዘርግቼ ስንት ቀን እንዳየሁት እኔ ነኝ የማውቀው። ያ ጊዜ እንዴት ደስ ይለኝ ነበር! ጠዋት ሥራ ለመግባት የምቸኩል ሰው ነበርኩ።

እንግዲህ ወደ ሴትዮዋ ልምጣ። አንድ ትልቅ ጨዋታ ስንሠራ ወንዝ ዳር የምትቀመጥ አሮጊት አስፈለገች። ተጫዋቹ ሰይፉን ይዞ ወንዙ ጋ ይደርሳል፤ እሷ በየትኛው መሻገሪያ ማለፍ እንዳለበት ትነግረዋለች። ያመናት ይሻገራል፣ ያላመናት ይሰምጣል። ኡዲ "የማንም አሮጊት ትሁን፣ ብቻ ጥሩ ፊት ይኑራት" አለ። እኔ የእናቴን ፊት ልሥራ ብዬ ጠየቅኩ፤ ተስማማ። እንዲያውም ደስ ብሎት እናቴን ሊያስፈቅድ ቤታችን ድረስ መጣ። ሳሎን መሀል ቆሞ እጁን እያወናጨፈ በዕብራይስጥ ብዙ ተናገረ። እናቴ ወደ እኔ ዘንበል ብላ "ይሄ ሰውዬ ለምን አይቀመጥም? አንገቴን አመመኝ እኮ" አለችኝ።

ፈቀደች። "ሻሼን አስተካክለሽ ሥሪልኝ፤ ጥርሴን ግን አታሳዪ" ከማለት በቀር ሌላ አላስቸገረችኝም። ጭቃውን ቤት ይዤ ሄድኩና በረንዳው ላይ እሷ ወንበሯ ላይ፣ እኔ እንደለመድኩት ከሥሯ ምንጣፍ ላይ ሆነን ሠራሁት። ወሬያችን ሁሉ ስለ ድሮ ነበር። የአንገቷን ንቅሳት ለመቀባት ብዙ ደከምኩ፤ ንቅሳት ከቆዳ ሥር እንጂ ከቆዳ ላይ አይደለምና። ዓይኖቿን ዝቅ አድርጌ ሠራኋቸው። አስቤበት አልነበረም፤ እናቴን የማውቃት እንደዚያ ስለሆነ ነው። ጋሊና ሸክላውን ዞራ ዞራ አየችው። ጆሮውን ነካችው። "ትተነፍሳለች" አለችና ሲጋራዋን ይዛ ወጣች።

እናቴ ለሰፈሩ ሁሉ አወራች። ለአረጋውያን በተዘጋጀው የቀን መዋያ ውስጥ ያሉት ጓደኞቿ ጨዋታው መቼ ይወጣል እያሉ በየሳምንቱ ይጠይቋት ነበር። አንድ ቀን ምሳ ልታመጣልኝ መሥሪያ ቤት መጥታ ከቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ካሉት አንዲት እማሆይ ጋር በጎንደርኛቸው ወሬ ገጠሙ፤ ለሳቸውም ነገረቻቸው። "ልጄ ፊቴን ለዓለም ልታሳየው ነው" ስትል ሰማኋት። እኔን ስታይ ትንሽ አፈረች። "እዚያ አገር ሳለን ብንገናኝ ሰላም እንኳ አንባባልም ነበር፤ እዚህ መንገድ ላይ ቆመን ወሬ ጠረቅን" አለችኝ እየሳቀች።

ጨዋታው ሊወጣ ሲቃረብ ወጣቶች ተጠርተው እንዲሞክሩት ተደረገ። እኔና ጋሊና ከመስታወት ጀርባ ሆነን እናያለን። የመጀመሪያው ልጅ ወንዙ ጋ ደረሰ። እናቴ "በታችኛው መሻገሪያ እለፍ" አለችው። በላይኛው ሄዶ ሰመጠ። ሁለተኛው መጣ፤ ሰመጠ። ሦስተኛዋ ልጅ ሴትዮዋን ትታ መንገዱን ብቻዋን መፈለግ ጀመረች። በመጨረሻ ኡዲ ገብቶ ለምን እንዳላመኗት ጠየቃቸው።

"ትዋሻለች" አለ አንዱ።

"በምን አወቅክ?"

"ዓይኔን አታየኝም። የምትደብቀው ነገር አላት።"

"አንድ ነገር የሰረቀች ትመስላለች" አለች ልጅቷ፣ ጆሮ ማዳመጫውን እያወለቀች።

እናቴን ነው። መጸዳጃ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። በነሱ አልተናደድኩም፤ ልጆች ናቸው፣ ያዩትን ነው የተናገሩት። የቆጨኝ ፊቱን እኔ መሥራቴ ነው። እናቴ በሕይወቷ ሙሉ ሰው አላታለለችም፤ እኔ በገዛ እጄ ሌባ አደረግኳት።

ኡዲ ክፉ ሰው አይደለም። በዚያ ሳምንት ዓይኗ ቀና ካላለ ግን ሴትዮዋ ወጥታ በሌላ ሰው የተሠራ ሽማግሌ ይገባል አለኝ። ጋሊናን አየኋት፤ መፍትሔ ከእሷ የማይጠፋ ይመስለኝ ነበር። "ከነጭራሹ ከምትወጣ ቀና ትበል" አለችኝ ቀስ ብላ። "እኔም ሌላ አልታየኝም።"

ቀና አደረግኳት። ዓይን ቀና ማድረግ ማለት ብሌኑን ማዞር ብቻ እንዳይመስላችሁ። የዓይን ቆቡ ይከፈታል፣ ግንባሩ ይሰበሰባል፣ አገጩ ይነሳል፣ ከአገጭ ሥር ያለው ሽብሽብ ይጠፋል። አንዱን ስትነኪ ሌላው ይከተልሻል። ስጨርስ ደፋር፣ ቆንጆ፣ የምትታመን አሮጊት ሆነች። ልጆቹ በታችኛው መሻገሪያ አለፉ። ጨዋታው ወጣ፣ ተወደደ፣ ሰዎች ስለ ሴትዮዋ ጻፉልን።

እናቴ ግን ስክሪኑን ፊቷ ባቀርብላት ጠጋ ብላ አየች። ከዚያ "ቆንጆ ሴትዮ ናት" አለች። "የማን እናት ናት?"

"እምዬ፣ አንቺ ነሽ እኮ! ሻሽሽን አታይውም? ንቅሳትሽስ?"

"ንቅሳቱስ የኔ ነው። እኔ ግን እንዲህ ሰው ላይ አላፈጥም።"

ስክሪኑን ወደ እኔ መለሰችው። ለጓደኞቿ "ሥራው ቀርቷል" ብላ እንደነገረቻቸው የሰማሁት ከርሞ ነው።

ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ሠራሁ። ብዙ ሰዎች ፈጠርኩ፤ አንዳንዶቹ ከእሷ የበለጠ ተወደዱ። መሥሪያ ቤቱ ከድንጋዩ ቤት ወጥቶ መስታወት በመስታወት ወደሆነ ሕንፃ ተዛወረ። ጋሊና እጇ ቢንቀጠቀጥ ጊዜ ሥራዋን ተወች፤ ሲጋራዋን ግን አልተወችም። ባለፈው ክረምት ስትሞት ያቺን ትንሽ መስታወት ለእኔ ትታልኝ ነበር። አሁን ደግሞ ሥራው መልኩን ቀይሯል። ወጣቶቹ ሰውን በካሜራዎች መሀል አቁመው ፊቱን እንዳለ ይወስዱታል፤ ወይም ለማሽኑ በቃላት ነግረውት በደቂቃ ውስጥ ያወጣላቸዋል። አልቀየማቸውም፤ ደግ ልጆች ናቸው፣ አውራ ጣቴን ሲያመኝ የኮምፒውተሩን ማውስ የሚይዙልኝ እነሱ ነበሩ። ጆሮ ግን አሁንም ያበላሻሉ።

ለስንብቴ ምን ስጦታ እንደምፈልግ ሲጠይቁኝ የሸክላውን ራስ አልኳቸው። ያ የመጀመሪያው፣ ዓይኑ ዝቅ ያለው፣ ያን ሁሉ ዘመን መደርደሪያ ላይ ነበር። ወጣቶቹ የጆሮ ማዳመጫ ይሰቅሉበታል። አቧራውን ጠራርጌ በፎጣ ጠቅልዬ አውቶቡስ ውስጥ አቅፌው ስገባ አንድ ሽማግሌ ሕፃን የያዝኩ መስሏቸው ተነስተው ቦታ ለቀቁልኝ። አመስግኜ ተቀመጥኩ።

እናቴ ከእኛ ጋር ነው የምትኖረው። ዓይኗ ደክሟል፤ ወሬ ግን አያመልጣትም። ሸክላውን ቴሌቪዥኑ አጠገብ ካለው ቁም ሳጥን ላይ አስቀመጥኩት። ምንድን ነው ብላ አልጠየቀችም፤ እኔም አልነገርኳት። እንደገና "የማን እናት ናት?" እንዳትለኝ ፈርቼ ነው።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ የመጨረሻዋ ልጄ ሺራ ከሠራዊቱ ለሰንበት መጣች። ሻንጣዋን በሩ ላይ ጣለችና ሳሎኑ ወለል ላይ ቁጭ ብላ የጫማዋን ማሰሪያ መፍታት ጀመረች። ቀና ስትል እጇ ቆመ።

"ኢማ፣ ይቺ ሳፍታ ናት አይደል?" አለችኝ፤ ኢማ እኔ እናቷ ነኝ፣ ሳፍታ አያቷ። "ኤዜ ያፋ፣ እንዴት ታምራለች! ታየኛለች።"

"አታይሽም" አልኳት ቆሜ ልብስ እያጠፍኩ። "ቁልቁል ነው የምታየው። አጉል ሥራ ነው።"

"ሎ፣ ሎ፣ አይደለም፣ እኔን ነው የምታየው። ሬጋ፣ አንዴ ነይ እዚህ። ቁጭ በይ።"

ጉልበቴ እየተንቋቋ ከጎኗ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ቀና አልኩ።

እናቴ ቁልቁል ታየኝ ነበር። ዓይን ዓይኔን። አገጯ ሥር ያለው ሽብሽብ፣ የተከደነ የመሰለው የዓይን ቆብ፣ ሁሉም ወደ እኔ ነበር። እጄ ላይ ጭቃ ያለ መሰለኝ። ያን ሳምንት ስለ ዓይኗ ስንት ተባባልን፤ ኡዲ፣ ጋሊና፣ እኔ። ተጫዋቹን ሁሉ ሰይፉን እንዳነገበ ፊቷ አቆምነው፤ እስኪ ዝቅ ብሎ ይቀመጥ ያለ ሰው አልነበረም። ያንን ማወቅ የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። አለቀስኩ፤ ሺራ ደንግጣ እጄን ያዘችኝ።

እናቴ ከወንበሯ ሆና "ምን አግኝታችሁ ነው መሬት ላይ?" አለች።

"ሳፍታ፣ ከዚህ ሲያዩሽ ታያለሽ!" አለቻት ሺራ፤ አማርኛዋ ይኸው ነው።

"እምዬ፣ ያ በረንዳ ላይ የሠራሁት ራስ ነው" አልኳት። "ዝቅ ብዬ ሳየው ታይኛለሽ።"

"ታዲያ ወዴት ልይ?" አለች እናቴ። "ልጅ የሚቀመጠው እዚያ አይደለም እንዴ?"

ሺራ ሸክላውን አውርዳ እቅፏ ላይ አደረገችላት። እናቴ በጣቶቿ ሻሹን፣ ግንባሩን፣ ዓይኖቹን ዳሰሰች። ጆሮው ጋ ስትደርስ ትንሽ ቆየች።

"የማን እናት ናት?" አልኳት እኔ።

"ያንቺ ናት እንጂ የማን ትሆናለች?" አለችኝ። "በይ አሁን ተነሺ፤ ወለሉ ይበርድሻል።"

አልተነሳሁም።